የነፍስ ወከፍ ገቢ የማያሳየው ኑሮ

የአንድ አገር የነፍስ ወከፍ ገቢ የሚሰላው በዓመት ውስጥ በአገሪቱ የተመረተው ሸቀጥና የተሰጠው አገልግሎት ሁሉ በዋጋ ተተምኖ ከተደመረ በኋላ ድምሩ ለሕዝቡ ብዛት ሲካፈል ሲሆን፣ ድምሩ ራሱ ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት በመባል ይታወቃል። ይህ ማካፈል ግን በወረቀት ላይ ብቻ የሚፈጸም ነው፤ በስሌቱ ለእያንዳንዱ ዜጋ እኩል የተዳረሰው ድርሻ በኑሮው ዓለም ከጥቂቶች ጓዳ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልተው በ1934 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአገሪቱ ሴኔት ያቀረቡት የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሳይመን ኩዝኔትስ በዚያው ዘገባ ውስጥ የአንድ ሕዝብ ደኅንነት ከገቢው መጠን ብቻ ሊታወቅ እንደማይችል አስጠንቅቀው ነበር። ቁጥሩ ዓለምን ሲያዳርስ ማስጠንቀቂያው ግን ወደኋላ ቀረ።

ድምሩ የሚያካትተውና የሚተወው ነገርም በራሱ ትኩረት ይሻል። በቤቷ ለልጆቿ እንጀራ የምትጋግር እናት ድካም በሒሳቡ አይገባም፤ ያችው ሴት ጋግራ ለሱቅ ስታስረክብ ግን ሥራዋ ምርት ተብሎ ይመዘገባል። የታመመን ማስታመም፣ አዛውንትን መጦርና ሕፃንን ማሳደግ፣ ማለትም አንድን ማኅበረሰብ በሕይወት የሚያቆየው አብዛኛው ሥራ፣ ክፍያ ስለሌለበት ብቻ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በአንጻሩ ተቆርጦ የተሸጠ ጥንታዊ ደን ገቢ ሆኖ ሲደመር፣ አገሪቱ ደኑን በማጣቷ የደረሰባት ጉዳት ከድምሩ አይቀነስም።

አማካይ ገቢ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ለመረዳት በ2011 በሁለት የአፍሪካ አገሮች የተካሄዱትን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ኢኳቶሪያል ጊኒ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከባሕር ወለል ሥር በተገኘው ነዳጅ ምክንያት የነፍስ ወከፍ ምርቷ ወደ 20,000 ዶላር ገደማ የደረሰ፣ የሕዝቧም ብዛት ከአንዲት መካከለኛ ከተማ የማይበልጥ አገር ነበረች፤ ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት የነበራት 400 ዶላር እንኳ አይሞላም። ሆኖም በኢኳቶሪያል ጊኒ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ100 በላይ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ 88 ነበሩ። ከ40 እጥፍ በላይ የሆነው የገቢ ልዩነት በሕፃናቱ ሕይወት ላይ ሊታይ ሲገባው ተገላቢጦሹ ሆኖ ተገኘ።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ ከገቢ ውጭ የሆነ ምክንያት እንዳለው በግልጽ ያሳያል። የሕፃናቱ ሞት በ2000 ከ1,000 ውስጥ 166 የነበረ ሲሆን በ2016 ወደ 67 ዝቅ ብሏል። በእነዚያ ዓመታት ገቢም ማደጉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30,000 በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞችን አሠልጥኖ በየቀበሌው ባያሰማራ፣ ክትባቱና የወባ አጎበሩ እስከ ገጠር ጎጆ ባይደርስ ኖሮ፣ የገቢው ዕድገት ብቻውን ይህን ያህል ሕይወት ያተርፍ ነበር ለማለት ያዳግታል። ያም ሆኖ በዚያው በ2016 ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶው የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው፤ ይኸውም በረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት ሳቢያ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ሆኖ ቀርቷል። ከሞት የተረፈ ሕፃን ሁሉ በሚገባ አደገ ማለት አይደለም።

ኑሮ በገቢ ብቻ አይለካም ለሚለው አስተሳሰብ የንድፈ ሐሳብ መሠረት የጣሉት ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ሲሆኑ፣ ሐሳባቸው ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የጠበቀ ትስስር አለው። ሴን በልጅነታቸው የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ ያዩ ሰው ናቸው፤ በ1981 በታተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትተው መጽሐፋቸውም አንዱን ምዕራፍ ለ1965 እና 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ረሃብ ሰጥተዋል። በምዕራፉ እንዳሳዩት በዚያ ወቅት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ከፊተኞቹ ዓመታት እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ሕዝቡ እየረገፈ ሳለ ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የሚጓዝ እህል ነበር። ታዲያ ሕዝቡ ለምን ተራበ ለሚለው ጥያቄ ሴን መልሱን ያገኙት ሰዎች ምግብ ለማግኘት ባላቸው አቅም ውስጥ ነው። ሰብሉ የደረቀበት የወሎ ገበሬ የሚበላውንም ሆነ ሸጦ የሚገዛበትን በአንድ ጊዜ አጣ፤ በአዋሽ ሸለቆ የግጦሽ መሬቱን ለሰፋፊ እርሻዎች የተነጠቀው የአፋር አርብቶ አደር ከብቶቹ አለቁበት፣ የተረፉትም በእህል ሲመነዘሩ ዋጋቸው ወደቀ። የመጓጓዣና የገበያ ችግሩ ከዚህ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል በማለት ሴንን የተከራከሩ ተመራማሪዎች ቢኖሩም፣ የአገር አማካይ ምርት የሚራበውን ሰው እንደማያሳይ ወሎ ያቀረበው ማስረጃ ዛሬም አልተስተባበለም።

ሴን ከዚህ ተነሥተው ልማት መለካት ያለበት ሰዎች ሊሆኑና ሊያደርጉ በሚችሉት ነገር እንደሆነ አስተማሩ። ይህን ለማስረዳት የሚጠቅሱት ምሳሌ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው፦ የሚጾም ሰውና የሚራብ ሰው ሁለቱም ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ጿሚው ግን መብላት እየቻለ የተወ ሲሆን የተራበው ምርጫ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚለካው በተበላው ምግብ መጠን አይደለም፤ በነጻነታቸው ነው።

ይህን ረቂቅ ሐሳብ ወደ ቁጥር ያመጡት የሴን ወዳጅ የነበሩት ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሃቅ ናቸው። ሴን መጀመሪያ ላይ የሰውን ኑሮ በአንዲት ቁጥር ማጠቃለሉን አልወደዱትም ነበር፤ ሃቅ ግን የነፍስ ወከፍ ገቢን ከዙፋኑ ሊያወርደው የሚችለው እንደ እርሱ ቀላል የሆነ ሌላ ቁጥር ብቻ ነው ብለው አሳመኗቸው። በዚህም መሠረት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1990 የመጀመሪያውን የሰብዓዊ ልማት ዘገባ አወጣ።

የሰብዓዊ ልማት መለኪያው ጤናን፣ ትምህርትንና ገቢን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 1 ባለው መስፈርት ይመዝናል። በ2022 የነበረውን የኢትዮጵያ ስሌት ደረጃ በደረጃ መከተል አሠራሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ሕፃን ሲወለድ የሚጠበቅለት ዕድሜ 65.6 ዓመት ሲሆን፣ 20 ዓመት እንደ ወለል፣ 85 ዓመት እንደ ጣሪያ ስለሚወሰድ የጤናው ውጤት 0.70 ይሆናል። በትምህርት በኩል ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፤ ትምህርት የሚጀምር ልጅ ይማራል ተብሎ የሚጠበቀው 9.9 ዓመት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆኑት በአማካይ የተማሩት 2.4 ዓመት ብቻ ነው። የወላጆችና የልጆች ዘመን በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል እንደ ገደል ተለያይቶ ይታያል፤ የትምህርቱም ውጤት ከጣሪያዎቹ (ከ18 እና ከ15 ዓመት) አንጻር ተሰልቶ ወደ 0.36 ይወርዳል። ገቢው፣ የዋጋ ልዩነት ተስተካክሎለት፣ 2,369 ዶላር ሲሆን በሎጋሪዝም ይሰላል፤ ይህም ማለት ገቢ ከ100 ወደ 200 ዶላር ሲያድግ የሚያስገኘው ነጥብ ከ10,000 ወደ 20,000 ሲያድግ ከሚያስገኘው ጋር እኩል ይሆናል፤ ለደሃው የተጨመረችው መቶ ዶላር ለባለጸጋው ከተጨመረችው ይልቅ ኑሮን ትለውጣለችና አሠራሩ ተገቢ ነው። የገቢው ውጤት 0.48 ይሆናል።

ሦስቱ እስከ 2010 ድረስ ተደምረው ለሦስት ይካፈሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተባዝተው የብዜቱ ሣልሳዊ ዘር ይወሰዳል። በመደመር ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ 0.51 ገደማ ታገኝ ነበር፤ በማባዛት ያገኘችው 0.492 ነው። የልዩነቱ ምክንያት ማባዛት በአንዱ ዘርፍ የታየውን ድክመት በሌላው ብርታት እንዲሸፈን ስለማይፈቅድ ነው፤ ያልተማረ ሕዝብ ያለው አገር በረጅም ዕድሜ ብቻ ሊመሰገን አይገባውም።

ይህም መለኪያ ቢሆን በአማካዮች የተሠራ በመሆኑ የአዲስ አበባውንና የሶማሌ ክልሉን ሕፃን አይለይም፤ ስለ ፖለቲካ ነጻነትም ሆነ ስለ አፈር መሸርሸር የሚናገረው የለም። በ2010 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የተዘጋጀው የዘርፈ ብዙ ድህነት መለኪያ ግን ከአገር ሳይሆን ከቤተሰብ ይነሣል። በቤቱ የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ ሰው አለ ወይ፣ የሞተ ሕፃን አለ ወይ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ ወይ፣ የመጠጥ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ መብራትና ደህና ወለል አለ ወይ፣ ምግቡ የሚበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው ወይ ብሎ በአሥር ጠቋሚዎች ይጠይቃል፤ በክብደታቸው ከተደመሩት ጉድለቶች ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ የታየበት ቤተሰብ አባላት ሁሉ ደሃ ይባላሉ። በብሔራዊው የፍጆታ መስመር በ2008 ዓ.ም. ደሃ የተባለው የኢትዮጵያ ሕዝብ 23.5 በመቶ ሲሆን፣ በዚህኛው መለኪያ፣ በ2019 በተሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ 68.7 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ አንደኛው የዕለት ፍጆታውን የማይሸፍነውን፣ ሌላው ደግሞ ጢስ በሞላበት ማድ ቤት፣ ያለ መጸዳጃና ያለ ፊደል የሚኖረውን ይቆጥራሉ። የ2019ኙ መረጃ የተሰበሰበው የሰሜኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ስለነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች፣ የተዘረፉት ጤና ጣቢያዎችና ከቀያቸው የተፈናቀሉት ቤተሰቦች በዚህ 68.7 ውስጥ የሉበትም።