የተጠጋን ሰው ስለ መጠበቅ

ሰው አገሩን ለቆ በባዕድ አገር የሚጠጋው ያለ ፍርሃት ለማደር ነው። የሸሸው መንግሥት ባሕር ተሻግሮ ቢዝትበት፥ ወይም በአገር ቤት የቀሩትን ወላጆቹን መያዣ አድርጎ ዝም ቢያሰኘው ግን መጠጊያው ምን ይጠቅመዋል?

በካናዳ፥ በሰሪ ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጁን 18 ቀን 2023 አንድ የሲክ መሪ በጸሎት ቤቱ ግቢ በጥይት ተገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ግድያውን ከህንድ መንግሥት ወኪሎች ጋራ የሚያያይዝ የሚታመን ጥርጣሬ እንዳለ ለፓርላማ አስታወቁ፤ የህንድ መንግሥት ግን ነገሩን አልተቀበለውም።

በማግሥቱ ዓመት፥ በጁን 20 ቀን 2024 የጸደቀው ሕግ፥ ለባዕድ መንግሥት ብሎ ሰውን በዛቻ ወይም በኃይል ያስገደደ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። የጸጥታ መሥሪያ ቤቱም ስለ አደጋው የሚያውቀውን ከመንግሥት ውጭ ላሉ ሰዎች እንዲገልጽ ከቀድሞው የሰፋ ፈቃድ አገኘ።

ነገር ግን የተዛተበት ሰው ቀርቦ ካልተናገረ ሕጉ ሥራ ፈት ነው። ወላጆቹ እንዳይጎዱበት የሚሰጋ ሰው የሚናገረው፥ ምስጢሩን የሚጠብቅለትና አቤቱታውን የማይንቅበት ሹም ሲያገኝ ነውና፥ ጥበቃው የሚጀምረው ነገሩን አስቀድሞ ከሚሰማው ከታናሹ ሹም ዘንድ ነው።