ነጠላ፥ ጥምርና ውስብስብ ዐረፍተ ነገርን ስለ መለዋወጥ

ዐረፍተ ነገር ማለት የነገር ማረፊያ ማለት ነው። ተናጋሪው ሐሳቡን ጀምሮ እስኪፈጽም ድረስ ሰሚው ልቡን አንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ ሐሳቡ ሲፈጸም ሁለቱም ያርፋሉ። ነገሩን የሚያሳርፈውም ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ነዶ ያለ ማሰሪያ እንደሚበተን፥ ቃላትም ማሰሪያ አንቀጽ ካላገኙ ቢበዙም ሐሳብ አይሆኑም።

በዘመናችን ተማሪ ቤቶች እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ዐረፍተ ነገርን በሦስት ከፍለው አንዱን ወደ ሌላው እንዲለውጡ ይታዘዛሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ነጠላ፥ ጥምርና ውስብስብ እንላቸዋለን። ነጠላ የሚባለው አንድ ማሰሪያ ብቻ ያለው፥ ሌላም ግሥ ያልተጠጋበት ነው። ጥምር የሚባለው ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ማሰሪያዎች በማዕርግ ተካክለው የቆሙበት ነው። ውስብስብ የሚባለው ግን ግሡ ብዙ ሲሆን ማሰሪያው አንድ፥ የቀሩትም ለእርሱ አገልጋዮች የሆኑበት ነው።

ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን በዋሸራ፥ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ቤቶች ያደገ ሰው ነገሩን በሌላ ስም ያውቀዋል። መምህራኖቻችን አገባብን ዐቢይ፥ ንዑስና ደቂቅ ብለው በሦስት ይከፍላሉ። ዐቢይ አገባብ በግሥ ላይ እየወደቀ ማሰሪያነቱን ያስቀረዋል፤ እስመ፥ ሶበ፥ አመ፥ እንዘ የመሳሰሉት ናቸው። ንዑስ አገባብ ማሰሪያውን ሳያስቀር ነገርን ከነገር ያያይዛል። ደቂቅ አገባብ ግን በስም ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ዐቢይ አገባብ ያለበት ውስብስብ፥ ማሰሪያዎቹ ሳይፈርሱ የተያያዙበት ጥምር፥ ደቂቅ አገባብ በስም ላይ ወድቆ ግሥ ያልተጨመረበት ነጠላ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁት፥ በደስታ ተክለ ወልድም ትጋት በ1948 ዓ.ም. የታተመው የሰዋስውና የግስ መጽሐፍ የግእዙን መንገድ ያሳያል፤ የአማርኛውን ደግሞ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ.ም. ባሳተሙት ሰዋስው፥ በኋላም ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ በሰፊው ተነግሯል።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ። ዝናብ መብዛቱንና መንገደኞች በገዳም ማደራቸውን ልንናገር ብንፈልግ በሦስት መንገድ እንናገራለን።

ነጠላ፦ በብዝኀ ዝናም ኀደሩ ነጋድያን ውስተ ደብር። ስለ ዝናቡ ብዛት መንገደኞቹ በገዳሙ አደሩ።

ጥምር፦ በዝኀ ዝናም ወበእንተዝ ኀደሩ ነጋድያን ውስተ ደብር። ዝናቡ በዛ፤ ስለዚህም መንገደኞቹ በገዳሙ አደሩ።

ውስብስብ፦ እስመ በዝኀ ዝናም ኀደሩ ነጋድያን ውስተ ደብር። ዝናቡ ስለ በዛ መንገደኞቹ በገዳሙ አደሩ።

በሦስቱም የታየው ነገር አንድ ነው፤ የዝናቡ ማዕርግ ግን ተለዋውጧል። በነጠላው ዝናቡ ግሥነቱን አጥቶ ብዛት የሚል ስም ሆነ። በጥምሩ እንደ መንገደኞቹ ማደር ሁሉ የራሱ ማሰሪያ ቆመለት። በውስብስቡ ግሥነቱን ሳይለቅ ማሰሪያነቱን ለቀቀ። እንግሊዝኛውም ይህንኑ ያደርጋል፤ በስም ላይ ሲወድቅ ቢኮዝ ኦቭ፥ በግሥ ላይ ሲወድቅ ቢኮዝ፥ ሁለቱን አካክሎ ሲያያይዝ ሶ ይላል። የአማርኛው ስለ ግን በስምም በግሥም ላይ ስለሚወድቅ፥ ተማሪው ቃሉን ብቻ አይቶ ሳይሆን የወደቀበትን አይቶ መለየት ይገባዋል፤ ስለ ብዛት ሲል ደቂቅ፥ ስለ በዛ ሲል ዐቢይ ነው።

ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ሥርዓቱ ይህ ነው። አስቀድሞ ማሰሪያውን ይፈልግ፤ ከማሰሪያው በኋላ የቀሩትን ግሦች ይቍጠር። ውስብስቡን ወደ ጥምር ሲለውጥ ዐቢዩን አገባብ ከግሡ ላይ ያንሣና ግሡን ማሰሪያ ያድርገው፤ የተነሣው አገባብ ይዞት የነበረውን ምክንያት ወይም ጊዜ ደግሞ በስለዚህ፥ በከዚያም፥ በነገር ግን ይተካ። ወደ ነጠላ ሲለውጥ አገልጋዩን ግሥ ወደ ስም ይመልሰው፤ በዛ ብዛት፥ መጣ መምጣት፥ ሞተ ሞት ይሆናል። ከነጠላ ሲነሣም በተመለሰበት መንገድ ይሂድ።

በዚህ ላይ የግእዝና የአማርኛ ጠባይ የተለያየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ግእዝ ታሪክ ሲናገር ወ እያለ ማሰሪያዎችን መደርደር ይወዳል፤ መጽአ ካህን ወቦአ ውስተ ቤተ መቅደስ ወዐጠነ ይላል። ይህም ሦስት ማሰሪያ ነው። አማርኛ ግን ካህኑ መጣ፥ ወደ ቤተ መቅደስም ገባ፥ ዐጠነም ቢል ነገሩ ሳይሰበር ይሰማል እንጂ ለጆሮ አይጥምም፤ ካህኑ መጥቶ ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ ዐጠነ ማለትን ይመርጣል። መጥቶና ገብቶ ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ መባላቸውም ራሳቸውን ችለው ስለማያስሩ ነው። ግእዝም መጺኦ የሚል ቦዝ አለው፤ ነገር ግን አማርኛ እንደሚያደርገው አያዘወትረውም። ስለዚህ ከግእዝ ወደ አማርኛ የሚተረጕም ሰው ሳያስበው እንኳ ጥምሩን ውስብስብ እያደረገ ይሄዳል።

ደግሞም የማሰሪያው ስፍራ ይለያያል። ግእዝ ብዙ ጊዜ ማሰሪያውን በፊት ያመጣል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ በመካከል ያኖረዋል፤ አማርኛ ግን በመጨረሻ ያቆመዋል። አገልጋዩ ሐረግ በግእዝና በእንግሊዝኛ ከማሰሪያው በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ በአማርኛ ግን መቅደም ይገባዋል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ተራ እንደያዘ ሲተረጕም አማርኛው ይንሻፈፍበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መለወጥ መልክ መለወጥ ብቻ ቢሆን የልጆች መልመጃ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ማዕርጉ ሲለወጥ አንዳንድ ጊዜ ምሥጢሩም አብሮ ይለወጣልና አራት ነገሮችን መጠንቀቅ ይገባል።

አንደኛው የጊዜ ነገር ነው። ቦዝ የራሱ ጊዜ የለውም፤ ጊዜውንም ትእዛዙንም ከማሰሪያው ይበደራል። ሄጄ መጣሁ ሲል መሄዱ ያለፈ፥ ሄጄ እመጣለሁ ሲል ገና የሚሆን ነው፤ ሄደህ ና ሲል ደግሞ ሁለቱም ታዝዘዋል። ስለዚህ ሄደህ ና የሚለው ወደ ጥምር ሲመለስ ሂድና ና ይሆናል እንጂ ሄድህና ና አይሆንም። ወደ ስም ሲመለስ ግን ጊዜው ፈጽሞ ይጠፋል፤ የመምህሩን መምጣት ሰማን ያለ ሰው መጥተው እንደ ሆነ ወይም ገና እንደሚመጡ አልነገረንም።

ሁለተኛው የአሉታ ነገር ነው። ዲያቆኑ መምህሩን ጠይቆ አልወጣም ቢል አፍራሹ አል በማሰሪያው ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ አይታወቅም። ጠየቀ፥ ነገር ግን አልወጣም ማለት ይሆናል፤ ወይም ወጣ፥ ነገር ግን ሳይጠይቅ ነው ማለት ይሆናል። በመጀመሪያው ዲያቆኑ ታዛዥ ነው፤ በሁለተኛው ጥፋተኛ ነው። በአንድ ሰው ላይ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል በቦዝ አይተወው፤ ጠየቀ፥ አልወጣም ብሎ በጥምር፥ ወይም ሳይጠይቅ ወጣ ብሎ በግልጥ ይናገር።

ሦስተኛው የባለቤት ነገር ነው። በግእዝ ጸውዖ መምህር ለረድእ ወሖረ የሚል ቢገኝ የሄደው ማን ነው ቢሉ ሁለት ፍቺ ይቀበላል። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ጠርቶት ሄደ ብሎ የተረጐመ የሄዱት መምህሩ ናቸው ብሎ ፈረደ። መምህሩ በጠሩት ጊዜ ሄደ ያለ ደግሞ የሄደው ደቀ መዝሙሩ ነው አለ። ጽሑፉ ያልወሰነውን ተርጓሚው በአገባብ ወሰነው። ስለዚህ አስተዋይ ተርጓሚ ፊትና ኋላውን መርምሮ ካላረጋገጠ፥ ጠራው፥ ሄደም ብሎ ጥምሩን በጥምርነቱ ቢተወው ይሻላል፤ ይህም ነጠላ ትርጓሜው ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድም እያለ ሁለቱን ፍቺ ያምጣ።

አራተኛው የምክንያትና የውል ነገር ነው፤ ይህም ከመጽሐፍ ቤት ወጥቶ ወደ ኑሮ ይገባል። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ ፍለጋ በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፥ በደማምና በኮበር ከተሞች፥ ባዲያን በመሰሉ ሰፈሮች ይኖራሉ። የሥራ ውል በዐረብኛ ይጻፋል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአገሩ የሥራ ሕግ በ9ኛው አንቀጹ፥ ከዐረብኛ ጋር ሌላ ቋንቋ ቢጻፍ የሚጸናው ዐረብኛው ነው ይላል፤ የቤት ሠራተኞች በዚህ ሕግ ሳይሆን በሌላ ደንብ ይተዳደራሉ። እንግዲህ በአንድ ውል ላይ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ ሠራተኛዋ ሁለት ዓመት ትሠራለች፤ አሠሪውም የመመለሻዋን የአውሮፕላን ቲኬት ይገዛል። ይህ ጥምር ነው፤ ሁለት ዕዳዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አስተርጓሚው ግን ሠራተኛዋ ሁለት ዓመት ከሠራች አሠሪው የመመለሻዋን ቲኬት ይገዛል ብሎ ቢያነብላት፥ የአሠሪው ዕዳ በእርሷ ሥራ ላይ ተንጠለጠለ። በዐሥራ ስምንተኛው ወር ብትታመም ቲኬቱ ይገባታልን? በመጀመሪያው ቃል ለመሟገት ቦታ አላት፤ በሁለተኛው ግን የላትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ከ ናት።

ዐረብኛም የግእዙን ወ የመሰለ ወ አለው፤ ኢን እና ኢዛ የሚሉ የሁኔታ ቃላትም አሉት። እነዚህ ከግሡ በፊት ሲቆሙ የተነገረው ነገር እርግጥ ሳይሆን በሁኔታ የታሰረ ነው። ነገር ግን የዐረብኛው ወ ሁልጊዜ አካካይ አይደለም፤ ሰዋስዋቸው ዋው አልሓል የሚለው፥ በአማርኛ ሲ እንደምንለው አንዱ ነገር በሌላው መካከል ሲሆን የሚያሳይ ወ አለ። ስለዚህ ወ ባየ ጊዜ ሁሉ ጥምር ነው ብሎ የሚፈርድ አስተርጓሚ ይሳሳታል። ውል የሚፈርም ሰው፦ ማሰሪያው የትኛው ነው? የቀረው ግሥ በምን ላይ ተንጠልጥሏል? ብሎ አስተርጓሚውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

በማሰሪያ አንቀጽ ላይ የተነሣ ክርክር ምን ያህል እንደሚያደርስ አገራችን በታሪኳ አይታዋለች። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ፥ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መነጋገርን አማርኛው ይቻላቸዋል ብሎ አሰረው፤ ኢጣልያንኛው ግን ፈቃዳቸውን እንደ ሰጡበት አድርጎ አሰረው። ከዚህ ቃል የተነሣው ጠብ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ ሆነው ወደ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። የዐረፍተ ነገሩ ቃላት ሁሉ ቢስማሙ፥ ማሰሪያው ካልተስማማ ስምምነት የለም።

እንግዲህ በመጽሐፍ ፊት ቆሞ ለሕዝብ የሚተረጕም ካህን ከዚህ ትምህርት ሁለት ጥቅም ያገኛል። የመጀመሪያው፥ ነገርን ለሰሚ ማቅለል ነው። ከሩቅ መንገድ መጥቶ ደክሞት የተቀመጠ ምእመን አምስት ቦዝ ተከታትለው ማሰሪያው በስድስተኛው የሚመጣበትን ዐረፍተ ነገር መሸከም አይችልም፤ ማሰሪያው ሳይደርስ የመጀመሪያው ይረሳዋል። ለእንዲህ ያለው ሰሚ ውስብስቡን ፈትቶ በአጫጭር ነጠላና ጥምር መስጠት ምጽዋት ነው። ሁለተኛው፥ የማይፈታውን አለመፍታት ነው። ከ፥ ብ፥ ካል፥ እስኪ የሚሉት የሁኔታና የወሰን ምልክቶች ከግሡ ላይ ከተነሡ ተስፋው ያለ ሁኔታ፥ ትእዛዙም ያለ ወሰን ይቀራልና፥ እነርሱን ለማቅለል ብሎ አያንሣ፤ ይልቁንም ቀስ ብሎ ደግሞ ያንብባቸው።

መልመጃውም ቀላል ነው። አንባቢ ሆይ፥ በዕለቱ ካነበብኸው አንድ ገጽ ሦስት ዐረፍተ ነገር ምረጥ፤ ማሰሪያቸውን አስምር፤ እያንዳንዱን በሁለቱ በቀሩት መልክ ጻፈው። ከዚያም፦ ማን አደረገው? መቼ አደረገው? በምን ሁኔታ አደረገው? ብለህ በሦስቱም ላይ ጠይቅ። መልሱ በሦስቱም አንድ ከሆነ መለወጥህ የቀና ነው። በአንዱ እንኳ ከተለየ፥ የተለየበትን ቃል አግኝተህ ወደ ስፍራው መልሰው። ይህን ያዘወተረ ሰው በግእዝም በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚያነበውን ያውቃል፤ የሚፈርመውንም ያውቃል፤ ለሌላው የሚያስተላልፈውም ቃል ከእርሱ በፊት እንደ ነበረ ሳይጎድል ይደርሳል።