የሐረር ዚክሪ ከሲዲ ወደ ኮምፒውተር

ሐረር ጁገል ውስጥ በመውሊድና በአዋች (በወሊዮች) ደጅ የሚሰማው ዚክሪ የተባለው መንፈሳዊ ዜማ ሁለት መሣሪያ አይለየውም፤ ከረቡ የሚባለው ከበሮና ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች። ከበሎቹ ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ ደረቅ ነው፣ ድንገት ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ከሲዲ ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር በቀላሉ የሚጎዳውም እንዲህ ያለው ድምፅ ነው።

በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን ሙዚየም ያቋቋሙት አብዱላሂ ሸሪፍ ከእጅ ጽሑፎችና ከሳንቲሞች ጋር የቆዩ የሙዚቃ ቅጂዎችም ሰብስበዋል። ሁሉም ቅጂ ግን ሙዚየም አይገባም። ከካሴት ወደ ሲዲ ተገልብጦ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ስንት አለ! ቤት ውስጥ የሚጻፍ ሲዲ ድምፁን የሚይዘው በስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ነው። ይህን ቀለም ሙቀትና ፀሐይ ያደበዝዙታል፤ ስለዚህ ሥራው ለነገ ባይባል ይሻላል።

የሙዚቃ ሲዲ ላይ እንደ ፍላሽ የሚጎተት ፋይል የለም። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ አንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፤ የግራና የቀኙ ሲደመር አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። አንዱ ሰከንድ 75 ቦታ ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 2,352 ባይት ይይዛል። ሰነድ የተጻፈበት ሲዲ ከዚህ ውስጥ ለሰነዱ የሚሰጠው 2,048ቱን ብቻ ነው፤ የቀረው ለአድራሻና ለተጨማሪ ስሕተት ማረሚያ ይውላል። የሙዚቃ ሲዲ ሁሉንም ለድምፅ ያውለዋል። መሠረታዊ ማረሚያ ቢኖረውም ጭረቱ ሲበዛ ማጫወቻው የጎደለውን በግምት ይሞላል። ለማዳመጥ ይህ ምንም አይደለም፤ ሲገለበጥ ግን ግምቱ እንደ እውነተኛ ድምፅ ተመዝግቦ ይቀራል።

በሊኑክስ ላይ ለዚህ የታወቀው ፕሮግራም ክሪስቶፈር ሞንትጎመሪ የጻፈው ሲዲፓራኖያ ነው። ነጻ ነው፣ ስሙም ጠባዩን ይናገራል፤ ማንንም አያምንም። የሚያነበውን ቁራጭ ከቀደመው ጋር በከፊል እያደራረበ ያነጻጽራል፣ ካልገጠመለት ተመልሶ ያነባል። አንዳንድ ድራይቭ ዳግም ሲጠየቅ ሲዲውን ከማንበብ ይልቅ ጊዜያዊ ማኅደሩ ውስጥ ያስቀረውን ያንኑ መልስ ይሰጣልና ፕሮግራሙ ይህንንም ለማምለጥ ይሞክራል። የተጫረ ሲዲ ላይ ረጅም ጊዜ ቢወስድ አያቋርጡት።

ቀጥሎ ማመቅ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፍላክ የሚቀጥለውን ልኬት ከቀደሙት ተነሥቶ ይተነብያል፤ የሚያስቀምጠው ትንበያው የሳተበትን ልዩነት ብቻ ነው። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ሲከፈት ግን አንዲት ቢት አትጎድልም። ኤምፒ3 ከዚህም በብዙ ያሳንሳል፤ ጆሮ አይሰማውም ያለውን ይጥላል። ድምፁን 576 ልኬት በያዙ፣ 13 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በሚረዝሙ ክፍሎች ያስተናግዳል። ክፍሉ መሐል ላይ ከበል ቢጋጭ በማመቁ የመጣው ሻካራ ድምፅ ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል፤ ከምቱ በፊት በነበረው ጸጥታ ውስጥም ይሰማል። ደረቁ ምት ይደነዝዛል። ፕሮግራሞቹ እዚህ ላይ ወደ አጫጭር ክፍሎች ይቀይራሉ፣ የፋይሉ መጠን በጣም ሲያንስ ግን ያም አያድነውም። መሐንዲሶች እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ሲፈትኑ የስፔኖችን የእንጨት ማጨብጨቢያ የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ዚክሪን በኤምፒ3 ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ሳይ ይቆጨኛል። ዋናው በፍላክ ይቀመጥ፤ ለስልክ የሚሆነው ኦፐስ በሚባለው ሌላ የማመቂያ ዓይነትም በኤምፒ3ም ከዚያ ይወጣል።

የቀረው ስሙ ነው። ፕሮግራሞች የዘፈኖቹን ርዝመት አስልተው የሲዲውን ማንነት ከኢንተርኔት መዝገብ ይጠይቃሉ። ፈረንሳይ የታተሙት የኢትዮጲክስ ሲዲዎች በዚህ መንገድ ይገኛሉ፤ ቤት የተገለበጠ የሐረር ሠርግ ግን የትም አልተመዘገበም፣ በእጅ መጻፍ ግድ ነው። በሊኑክስ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የፋይል ስም ደግሞ በተለመደው አሠራር ከ255 ባይት አያልፍም። ያለው ቦታ 85 ፊደል ነው ማለት ነው። ዚክሪውን የመራው፣ ቦታውና ዓመቱ አብረው ከተጻፉ ይሞላል፤ ስለዚህ ፍላክ ውስጥ ባለው የመግለጫ ቦታ ይስፈሩ፣ እዚያ ግዕዙም እንዳለ ይገባል። ዓመቱን በተለይ አይዝለሉት፤ ኮምፒውተሩ ፋይሉ ላይ የሚያትመው የተገለበጠበትን ቀን ነው።