የሥሩ ብርድ፦ በማሰሮ የተተከሉ ብርቱካንና ሎሚ

ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ትርንጎና መንደሪን የሚመደቡበት የዕፅዋት ወገን የሞቃታማው እስያ ተወላጅ በመሆኑና ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ይዞ ስለሚኖር፣ ውርጭ በሚወርድበት አገር እንደ ፖም ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ በማንቀላፋት ብርዱን ሊያሳልፍ አይችልም። በመሆኑም አውሮፓውያን ተክሉን በማሰሮ ወይም በእንጨት ሣጥን እያሳደጉ በብርድ ወራት ወደ ቤት ማስገባትን ከጥንት ጀምሮ ለምደዋል። በዚህ ረገድ ስመ ጥር የሆነው በጁል አርዱዋን ማንሳር ንድፍ እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 የተገነባው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት የብርቱካን ቤት ሲሆን፣ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዛፎች በየሣጥናቸው በጥቅምት መግቢያ ወደዚያ ገብተው በግንቦት መግቢያ ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው ሁለት መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ። ወፍራም ግድግዳውና ወደ ደቡብ የዞሩት መስኮቶቹ ውርጭን ይከላከላሉ እንጂ ቤቱን አያሞቁትም፤ ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ሳይርቅ ይከርማል።

ይህ ቀዝቀዝ ያለ አያያዝ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። የማሰሮው አፈር ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥሩ ውኃ የመሳብ ኃይሉ እጅግ ይዳከማል፤ በመስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ግን ቅጠሉን አሙቆ ውኃውን በትነት ያስወጣዋል። ተክሉ የሚያወጣውን መተካት ሲያቅተው ያለው አማራጭ ቅጠሉን ማርገፍ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የጠማው መስሎት ውኃ ሲጨምርበት፣ አየር ያጣው ሥር ይበሰብሳል። ብርድ ካደረሰው ጉዳት ይልቅ ይህ ቸርነት የገደላቸው ዛፎች ይበዛሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ላይና ታቹ መመጣጠን አለበት፦ ቀዝቃዛና ብርሃናማ ክፍል ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘ ማሰሮውን ከቀዝቃዛው ወለል በጣውላ ከፍ አድርጎ ከማሞቂያው ማራቅ ይገባል። ውኃ የሚጠጣው ጣት ወደ አፈሩ ሲገባ ላይኛው ክፍል ደርቆ ሲገኝ ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውም መደፋት አለበት። ኢትዮጵያውያን የሚያውቋት ትንሿ ክብ ሎሚና ትርንጎ ከወገኑ ሁሉ ይልቅ ብርድ የማይችሉ ናቸውና በውጭ አገር በረንዳ ላይ የሚያሳድጋቸው ሰው ቀድሞ ያስገባቸዋል።

ተክሉ ተጎድቶ ሲገኝ መቀስ ከማንሳት በፊት ምልክቱን ማንበብ ይቀድማል። ብርድ ከመታው በኋላ ቅጠሉ ረግፎ ቀንበጡ ባዶውን ከቀረ፣ ቀንበጡ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ቅጠልን ገፍቶ መጣል የሕያው እንጨት ሥራ ነውና። ቅጠሉ ደርቆ እንደተጣበቀ ከቀረ ግን እንጨቱም አብሮ ሞቷል። የሚያጠራጥር ከሆነ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ማድረግ ይበቃል፦ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከታየ ተስፋ አለ። የሞተው ክፍል የሚቆረጠው ግን አዲስ ቡቃያ ወጥቶ ድንበሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

አፈሩ ርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ተክሉን ከማሰሮው አውጥቶ ሥሩን ማየት ግድ ይላል። የበሰበሰ ሥር ሲጎተት ልጡ ተገፍፎ በጣት ላይ ይቀርና በውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ይተርፋል። ይህ ሁሉ እስከ ጤናማው ጠንካራ ክፍል ድረስ ተቆርጦ፣ ተክሉ የቀረውን ሥር ብቻ በሚይዝ አነስተኛ ማሰሮ ውኃ በማይቋጥር አፈር ላይ ይተከላል፤ ሰፊ ማሰሮ ሥሩ ሊጠጣ የማይችለውን ውኃ ስለሚያቁር ጉዳቱን ያባብሳል። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ማዳበሪያ አይጨመርለትም።

በመጨረሻም ቡቃያው ከየት እንደወጣ መታየት አለበት። ከገበያ የሚገዙት አብዛኞቹ ዛፎች በማጋጠም የተባዙ ናቸው፤ ማለትም ጥሩ ፍሬ የሚሰጠው ቅርንጫፍ በሌላ ጠንካራ ዝርያ ሥር ላይ ተጋጥሞ የበቀለ ነው። ከመጋጠሚያው እብጠት በታች የሚወጣ፣ በተለይም በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ቅጠል የሚይዝ ቡቃያ የሥሩ ዝርያ ስለሆነ ወዲያው ይነቀላል፤ ከመጋጠሚያው በላይ አንዲት ለምለም ዐይን ከታየች ግን ዛፉ ራሱ ተርፏል።