ሁሉም የሚያስታውሰው ፋብሪካውን ነው

«አን ኦፊሰር ኤንድ ኤ ጀንትልማን» የሚለውን ፊልም ሳነሳ፣ ነቀምትም ሆነ ጊምቢ ያገኘሁት የፊልም ወዳጅ ሁሉ የሚነግረኝ አንዱን ትዕይንት ነው። ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰው ሪቻርድ ጊር ወረቀት ፋብሪካ ይገባል፤ ዴብራ ዊንገርን ከሥራዋ ላይ ብድግ አድርጎ አቅፎ፣ ሠራተኛው እያጨበጨበ ይዟት ይወጣል። ያምራል፤ አልክድም። በፊልሙ ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም።

መነሻውን ቶሎ ልበል። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ያዘጋጀው ቴይለር ሃክፎርድ ሲሆን፣ ደራሲው ዳግላስ ዴይ ስቱዋርት ራሱ በባሕር ኃይል የእጩ መኮንንነት ሥልጠና ያለፈ ሰው ነው። ጊር የሚጫወተው ዛክ ሜዮ እናቱን በልጅነቱ ያጣ፣ በሰካራም መርከበኛ አባት እጅ ያደገ ወጣት ነው። የጦር አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን አስቦ 13 ሳምንት የሚፈጅ ሥልጠና ይገባል፤ በዚያው ከተማ ፋብሪካ የምትሠራውን ፖላን (ዊንገርን) ይወዳል።

ቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ በነበረበት ዘመን ይህን ፊልም እስከ መጨረሻው ማየት ዕድል ይጠይቅ ነበር። ተመልካቹ ራምቦን ለምዷል። ሰልፉና ጩኸቱ ሲረዝምበት ያጉረመርማል፤ ማጫወቻውን የያዘው ልጅም ወደፊት ያሮጠዋል። ዛሬ ደግሞ ስልክ ላይ የፋብሪካዋን ሁለት ደቂቃ ብቻ አይቶ «አየሁት» የሚል አለ። አላየህም! የዘለልከው አሠልጣኙን ሃምሳ አለቃ ፎሊን ነው፤ ፎሊን የዘለለ ደግሞ ፊልሙን አላየም።

ፎሊን የሚጫወተው ሉዊስ ጎሴት ጁኒየር ነው። በመጀመሪያው ቀን እጩዎቹን አሰልፎ፣ አፍንጫቸው ሥር ገብቶ፣ እያንዳንዱን በሚያመው ቦታ ይነካዋል። ፊቱን ብቻ ብታዩ ጨካኝ ነው ትላላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፎሊ የሚያጣራው ነገር አለው። ከነዚህ ልጆች መሐል አንዱ ነገ በሚያበረው አውሮፕላን የሰው ነፍስ ይጫናል፤ ጭንቅ ሲመጣ የሚከዳውን ዛሬ ሜዳው ላይ ማወቅ አለበት። ሜዮ የተወለወለ ጫማና የቀበቶ ዘለበት ደብቆ ለጓደኞቹ ሲሸጥ ሲያገኘው፣ ሌሎቹ ቅዳሜና እሁድ ሲዝናኑ እሱን ለብቻው አስቀርቶ ውኃ እየረጨ ያሠራዋል፤ በገዛ አፉ «ተውኩት» እንዲል ይጎተጉተዋል። ልጁ ግን ሌላ መሄጃ እንደሌለው እየጮኸ ያለቅሳል። ፎሊ ያን ጊዜ ዝም ይላል። ሲፈልገው የነበረውን አግኝቷል። ከዚያ በኋላ ሜዮ በመሰናክል ሩጫ ክብረ ወሰን ሊሰብር ሲል ሩጫውን ትቶ ይመለሳል፤ ግድግዳው ያቃታትን የሥልጠና ጓደኛውን እየጮኸ ያበረታታታል፤ ትወጣዋለች። ለእኔ የፊልሙ ጫፍ ይህ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ሰው ሁሉ ሳያይ የሚያልፈው የምርቃት ቀን ነው። አዲሶቹ መኮንኖች ተራ በተራ ፎሊ ፊት ይቆማሉ። ትናንት ሲያንቀጠቅጣቸው የነበረው ሰው ዛሬ የመጀመሪያውን ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ በማዕረግ በላዩ ናቸውና። እነሱም በልማዱ መሠረት የአንድ ዶላር ሳንቲም ይሰጡታል። ፎሊ የሁሉንም ሳንቲም ግራ ኪሱ ይከታል። የሜዮን ግን ቀኝ ኪሱ ይከታል። ቃል የለ፣ ሙዚቃ አያስረዳም። «አንተ ከሌሎቹ ትለያለህ» ያለው በዚያች ኪስ ነው። አንድ ጊዜ አብረውኝ ያዩ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ፣ ጉዳዩ ወዲያው ገባቸው። «ልጄ፣ ሰላምታውን የሰጠው አስተማሪው ነው፤ ልብ በል» አሉኝና ወደ ኋላ አስመልሰው ደግመው አዩት።

ጎሴት ይህን ያመጣው እንዲሁ አይደለም። ከእውነተኛ የማሪን አሠልጣኞች ጋር ሠልጥኗል። ሃክፎርድም ፍርሃቱ እንዳይጠፋ ብሎ ከወጣቶቹ ተዋናዮች ለይቶ ራቅ ያለ ቦታ አሳርፎታል። በዚህ ሚና እ.ኤ.አ. በ1983 ኦስካር ሲቀበል፣ በረዳት ተዋናይነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። ሪቻርድ ጊር በበኩሉ የፋብሪካውን ትዕይንት መጀመሪያ አልወደደውም ነበር፤ በጣም የተጋነነ መስሎት።

ይህን ፊልም ባየሁ ቁጥር ወደ ሐሳቤ የሚመጡት ግን የእኛዎቹ እጩ መኮንኖች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ስንመጣ የምናልፋት ሆለታ፣ በ1927 ዓ.ም. በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የሚያሠለጥኑባት የገነት ጦር ትምህርት ቤት ነበራት። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ሥልጠናቸውን ያልጨረሱት ልጆች በዚሁ መንገድ ወደ ምዕራብ መጥተው ነቀምት ገቡ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ውጭ አገር ከተማሩ ወጣቶች ጋር ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር መሠረቱ፤ ሊቀመንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። «ጥቁር አንበሳ» ሲባል ሆስፒታሉ ብቻ የሚታየው የከተማችን ልጅ ብዙ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዛል፤ ገበሬ አይበደልም፤ ምርኮኛ አይሰቃይም፤ አባል አይሰደድም፤ በሕይወቱም እጁን ለጠላት አይሰጥም። ሜዮ «ተውኩት» ካለ በሩ ክፍት ነበር። እነዚህ ልጆች በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሦስት የጣልያን አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። ልጆቹ በሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ እዚያው ወደቁ፤ አብሯቸው የመጣ አንድ ቄስ ተረፈ። ኋላ ራስ እምሩን መሪያቸው አድርገው ሲዋጉ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበቡ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ተረሸኑ።

ለዚህ ታሪክ ፊልም የሚሠራ ሰው ካለ፣ ቦነያ ላይ በሚነደው እሳት አይጀምርብኝ። ከሆለታ ሜዳ ይጀምር፤ ከሰልፉ፣ ከስዊድኑ አሠልጣኝ፣ ገና ጢም ካላበቀሉት ልጆች። የፍቅር ታሪክ ካሻው ነቀምት ላይ ይጨምርበት፤ ሥልጠናውን ግን አያሳጥርብኝ።