ስም ዝርዝሩ የተለጠፈ ዕለት

የኢንተርቪው ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ሁለት ጎረቤቶቻችን ስማቸውን አጡት። አንዱ እዚያው ጮኸ፤ የቢሮውን በር ደበደበ። ሌላው ምንም ሳይናገር ቤቱ ገብቶ ተኛ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እኛም ያኛውን ባለጌ፣ ይኼኛውን ጨዋ አልን።

ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. በጦጣዎች እንዳሳዩት፣ የለመዱት ጭማቂ በሰዓቱ ሳይመጣ ሲቀር ዶፓሚን የሚረጩት የአንጎል ሴሎች ለቅጽበት ጸጥ ይላሉ። በሰውም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እንደየፀባያችን ነው፤ ፀባይ ደግሞ በከፊል አብሮን ይወለዳል። የአንዱ ንዴት ወደ ውጭ ወጣ፣ የሌላው ውስጡ ቀረ።

የጮኸውን ስንት ሰው ከቦ አጽናናው! የዝምተኛውን ደጅ ያንኳኳነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱም ስኳር ልንበደር ሄደን።