ኮምፒውተሩ ሲጎተት፦ ሙቀቱም ፍጥነቱም አብረው ይታዩ

ዕቃ በዕቃ እየገዛ በቤቱ ዴስክቶፕ የገጣጠመ ሰው ማሽኑ ሲንቀራፈፍበት ቶሎ የሚመጣለት መፍትሔ ትልቅ ኩለር መግዛት ነው። ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ግን ፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ላይ እያለ በስንት ጊጋኸርዝ እንደሚሠራና ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ጎን ለጎን መታየት አለበት። ሲኔቤንች የተባለው የፍጥነት መፈተኛ ፕሮግራም ለአሥር ደቂቃ ያህል ሙሉ ጭነት ይሰጠዋል፤ ኤችደብሊውኢንፎ የተባለው ፕሮግራም ሁለቱን ቁጥሮች ያሳያል።

ቁጥሮቹ የተሳሰሩት ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ስለሚጠብቅ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒውተር ድረ ገጽ ባሳየው ታዋቂ ሙከራ፣ ኮምፒውተሮቹ እየሠሩ ሳለ ሂትሲንኩ ከላያቸው ተነሣ። የኤኤምዲ አትሎን ተቃጠለ፤ የኢንቴል ፔንቲየም 4 ግን ፍጥነቱን ቀንሶ ተረፈ። ዛሬ የሁለቱም ኩባንያዎች ፕሮሰሰሮች የሙቀት ወሰናቸው ላይ ሲደርሱ ይዘገያሉ፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ ይጠፋል።

ስለዚህ ሙቀቱ ወሰኑን ነክቶ ፍጥነቱ ከወረደ ችግሩ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ኮር አይ5-12400ን እንውሰድ፦ መነሻ ፍጥነቱ 2.5፣ ከፍተኛው 4.4 ጊጋኸርዝ፣ የሙቀት ወሰኑ 100 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ የወጣበት መንገድ ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። ሥራው በተጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ወደ 100 ከዘለለ ኩለሩ ፕሮሰሰሩን በደንብ አልነካውም፦ ከሥሩ የተለጠፈው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይላጥ ቀርቷል፣ ተርማል ፔስቱ ደርቋል፣ ወይም ከኩለሩ አራት መቆለፊያዎች አንዱ የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ አልገባም። በደቂቃዎች ቀስ እያለ ከወጣ ጥርጣሬው ወደ ኬዙ ይዞራል፦ አቧራ የደፈነው ማጣሪያ፣ የሞቀውን አየር የሚያስወጣ ፋን አለመኖር፣ ግድግዳ ላይ የተጠጋ ኬዝ።

ቀዝቃዛ ሆኖ የሚጎተተውን ግን የትኛውም ኩለር አያድነውም።

እዚህ መጀመሪያ የሚፈተሸው የዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ነው። የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን 99 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ተጨማሪው ፍጥነት ይዘጋል፤ ያው 12400 በ50 ዲግሪ እየሠራም ከ2.5 ጊጋኸርዝ ፈቅ አይልም። ርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያደርሰው ቪአርኤም ራሱ ሲግል ፍጥነቱን ያስቀንሳል፤ ማዘርቦርዱ ዳሳሽ ካለው ሙቀቱ ኤችደብሊውኢንፎ ላይ በሌላ መስመር ይነበባል።

ሦስተኛው ሁኔታ ብዙዎችን በከንቱ ያስደነግጣል፦ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ፍጥነቱም ሙሉ ሲሆን። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. የወጡትን የራይዘን 7000 ከፍተኛ ሞዴሎች ኤኤምዲ በሙሉ ጭነት እስከ 95 ዲግሪ እንዲሠሩ አድርጎ ነው የነደፋቸው። ክፍሉ የሚሞቅበት ሰው ባዮስ ውስጥ ኢኮ ሞድን ቢያበራ የኃይል ፍጆታውና ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳሉ፤ ከፍጥነቱ የሚጎድለው ግን በአብዛኛው ጥቂት ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች ደህና ሆነው ጌም ወይም ፕሮግራም በድንገት የሚዘጋ ከሆነስ? የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ባለቤቶች ይህን አይተዋል። ኩባንያው በ2024 እ.ኤ.አ. ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቁ እንደነበር አምኖ በባዮስ በኩል ማስተካከያ ለቀቀ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው የተጎዳን ፕሮሰሰር አይመልስም። በተለይ ያገለገለ ኮር አይ9-13900ኬ ወይም 14900ኬ የሚገዛ ሰው የባዮሱን ሥሪት ማየትና ከመክፈሉ በፊት በሙሉ ጭነት መፈተን ይኖርበታል።

ጥገናው ሲጀመር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ፔስቱ ከተቀየረ በኋላ ያው የአሥር ደቂቃ ፈተና ይደገምና ቁጥሮቹ ይመዝገቡ፤ የኃይል ቅንብሩም ሆነ ባዮሱ የሚነካው ከዚያ ወዲያ ነው። የክፍሉ ሙቀትም አብሮ ይጻፍ፤ በቀትር የተለካው ከሌሊቱ ጋር እኩል አይወዳደርም።